ለዘፈንም ዕቁብ ይጣላል

በወላይታ ዞን፣ ከሶዶም ይሁን ከቦዲቲ፣ ከአረካም ይሁን ከገሱባ፣ ድምፅ ያላቸው ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቤተሰቤ ምንም የለውም፤ በሙዚቃ መኖር ይቻለኛል?» መልሴ «ይቻላል» ነው፤ ይህንንም የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። «ተሰጥኦ ካለህ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» የሚሉትን ግን አትስሟቸው። ገንዘብ በሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ በቅጡ የተረዳ ወጣት፣ ሀብታም ባይሆንም፣ ያንኑ ሥራ በሌላ መንገድ ማሠራት ይችላል።

ገንዘብ ድምፅ አይሰጥም፤ ጆሮም አይሰጥም። የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ በተለይ የመሳሳቻ ጊዜ። አባቱ ባለ ሕንፃ የሆነ ልጅ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው ሰሚ ቢያጣ፣ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ይተኛል። ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ሦስተኛውንም ይሞክራል፤ በአራተኛው ሰው ይሰማዋል። የእናቱ ላም ተሸጣ ስቱዲዮ የገባ ልጅ ግን ያለው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ሁለቱ በተሰጥኦ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚበላለጡት በሙከራ ብዛት ነው። ስለዚህ ደሃ ሆኖ ሙዚቃ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ሥራ ሙከራውን ማብዛት ነው። ላሟ አትሸጥ!

ታሪካችን ይህን በደንብ ያሳያል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ አቅም ስለነበረው መሐንዲስ እንዲሆን ወደ ዌልስ ላከው። እሱ ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ ለንደን በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ፣ ከዚያም አሜሪካ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ሁሉ ትምህርት፣ ከዚህ ሁሉ ጉዞ ነው። የሙላቱን ሊቅነት ማንም አይጠራጠርም፤ ሊቅነቱ እንዲያብብ ጊዜ የገዛለት ቤተሰብ እንደነበረም መካድ አይገባም። ይህን ማወቅ ቅናት ውስጥ ሊከተን አይገባም። ለእኛ የጎደለን ነገር ችሎታ አለመሆኑን ስለሚነግረን እንዲያውም ሊያበረታን ይገባል።

ደግሞ ሀብት ብቻውን በሩን ሁሉ አይከፍትም። የፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ከባለጸጋና ባለሥልጣን ቤት ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ገና በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ መምህር ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄዶ ትልቁ የሙዚቃ አካዳሚ የመግባት ዕድል በእጃቸው በገባ ጊዜ ግን ከአገር መውጫ ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘኑ ሆስፒታል እስኪያስገባቸው ድረስ ምግብ እንቢ አሉ፤ በኋላም ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። ገንዘቡ ነበረ፣ ትምህርቱ ነበረ፤ የተፈለገው ነገር ግን አልሆነም። የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ሲሆን፣ ገቢውንም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሰጡ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የፒያኖ ሥራዎቻቸው በብዙ አገር ይሰሙ ነበር።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ፤ ምክንያቱም የወላይታ ልጅ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነው። ከዞናችን ተነስተው አዲስ አበባ የገቡ ስንት ወንድሞቻችን ናቸው የሊስትሮ ሣጥን ይዘው የጀመሩት? ዘፋኙ ማህሙድ አህመድም ጫማ ጠርጓል። የመርካቶ ልጅ ነው። ትምህርቱ አልገፋ ሲለው ያገኘውን ሁሉ እየሠራ ኖረ፤ በመጨረሻም አሪዞና በሚባል የአዲስ አበባ ክለብ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። የንጉሡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማታ ማታ እዚያ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲጠፋ «እኔ ልዝፈን» አለ። ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ የክብር ዘበኛ ባንድ አባል ሆነ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1974ም እዚያው ቆየ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁሉም የሚወደው ያቺን አንዲት ምሽት ነው። እኔ ግን ከምሽቲቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ይበልጥ ደስ ይሉኛል። ክብር ዘበኛ ማለት ደሞዝ ማለት ነበር፤ በየወሩ የሚገባ፣ ዘፈኑ ቢወደድም ባይወደድም የማይቀር ደሞዝ። ልምምዱ በሰዓቱ ነው፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ የሙዚቃ መምህር አለ። ጥላሁን ገሠሠም ብዙነሽ በቀለም በዚሁ ቤት አልፈዋል፤ ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ነበር። ወርቃማ ዘመን የምንለው ጊዜ ያፈራቸው ብዙዎቹ ድምፆች ደሞዝተኞች ነበሩ። ሙላቱ ከቤተሰቡ ያገኘውን የመሞከሪያ ጊዜ እነርሱ ከደሞዛቸው አገኙት። ማህሙድ ስሙ ከተጠራ በኋላም ቢሆን ፒያሳ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ ነበር፤ እየዘፈነም ይነግድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የእናንተ ክብር ዘበኛ የት ነው?

መሣሪያውን በተመለከተ ወላይታ ውስጥ መልሱ ቅርብ ነው። በብዙ ቀበሌዎች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድ አለ፤ ጊታር አለ፤ ማይክ አለ። በገጠር ያለ፣ አባቱ ከእንሰትና ከበቆሎ ማሳ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ልጅ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ኪቦርድ የሚነካው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ያለ ክፍያ። የመዘምራን ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይለማመዳል፣ በሰው ፊት መቆም ይለምዳል፣ ሌላ ሰው እየሰማ መዘመር ይማራል። ይህን ሁሉ በገንዘብ እንግዛው ብንል ምን ያህል እንደሚያወጣ አስቡት። የምትሄዱበት መንገድ መዝሙርም ይሁን ዘፈን፣ ይህን የነጻ ትምህርት ቤት አትናቁት፤ ሰዓት አክብሩለት። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም አለ። የዞኑ የባህል ኪነት ቡድን አለ፤ ቅጥር ሲወጣ ተወዳደሩ። ባህላዊውን መለከትና ከበሮ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነውን የጊፋታን ዘፈን «ሃያያ ሌኬ»ን በእርግጥ የሚያውቅ ወጣት በየቦታው የሚገኝ እንዳይመስላችሁ።

ኑሮውን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ሥራ መያዝ አያሳፍርም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጎበዝ ልጆች «እውነተኛ አርቲስት ሌላ ሥራ አይሠራም» በሚል የተሳሳተ ኩራት ሲጎዱ ስለማይ ነው። ፊሊፕ ግላስ የሚባል በዓለም የታወቀ አሜሪካዊ አቀናባሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራው ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ቀረበ፤ ለአንድ ሙዚቀኛ ከዚህ በላይ መድረክ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ወደ ታክሲው ተመልሶ መንዳቱን ቀጠለ። እስከ አርባዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ድረስ በታክሲና በቧንቧ ሥራ ነው ራሱን ያኖረው። እንግዲህ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ ዜማ በስልኩ እየቀዳ የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር ካለ ይስማኝ፤ ከትልልቆቹ ጋር አንድ መንገድ ላይ ነህ። ባጃጇ ጠላትህ አይደለችም። የምትሞክርበትን ጊዜ የምትከፍልልህ እሷ ናት።

ሥራ ስትመርጡ ግን አንድ ነገር አስቡ። ብዙ ብር ከሚከፍል ግን ጉልበታችሁንም ማታችሁንም ሙጥጥ አድርጎ ከሚወስድ ሥራ ይልቅ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ቢከፍልም የተወሰነ ሰዓት ለራሳችሁ የሚተው ሥራ ለሙዚቀኛ ይሻላል። የጠዋት ሁለት ሰዓት ልምምድ በቀን ከምታገኙት ተጨማሪ ጥቂት ብር በላይ ዋጋ አለው። ጎልማሳ ስትሆኑ ይገባችኋል።

ስለ ቁጠባ ለወላይታ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማስታወስ ብቻ ነው። ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ ሲመጣ የሚበላው ሥጋ የመስከረም ገንዘብ አይደለም፤ የዓመቱ ሁሉ ገንዘብ ነው። የጎረቤት አባወራዎች ተሰብስበው ከሳምንት ሳምንት፣ ከወር ወር ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። ያዋጡትን አንድ የታመነ ሰው ይይዛል። በዓሉ ሲቃረብ ገበያ ወርደው በሬ ይመርጣሉ፤ ያርዳሉ፤ ሥጋውን እኩል መድበው ይከፋፈላሉ። እናቶች ደግሞ ለብቻቸው ለቅቤው ይቆጥባሉ። ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ጊፋታን በሙሉ ክብር ይውላል። በዓሉ ሲያልፍም ለሚቀጥለው ዓመት መቆጠብ ይጀመራል። ይህ ሥርዓት ባንክ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው።

ይህንኑ ለዘፈን ማድረግ ምን ይከለክላል? ስምንት ሙዚቀኛ ጓደኛሞች ሁኑ። አንዱ ኪቦርድ ይጫወታል፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ አንዱ ካሜራ ይዞ ክሊፕ መቅረጽ ይችላል። እያንዳንዳችሁ በሳምንት 100 ብር ብታዋጡ በሳምንት 800 ብር ነው። በዓመት 41,600 ብር ይሆናል። ይህን ብር ለብቻው ማሰብ የሚያስፈራው ወጣት፣ በሳምንት 100 ብር ግን ከባጃጁም፣ ከቀን ሥራውም፣ ከካፌው አስተናጋጅነትም ሊያወጣ ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ገንዘቡን በቡድኑ ስም ባንክ አስቀምጡት፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይውጣ። ተራ አውጡ፤ የማን ዘፈን መጀመሪያ እንደሚቀዳ፣ ገቢ ቢመጣ ምን ያህሉ ወደ ቡድኑ እንደሚመለስ በወረቀት ጻፉ። የአንዱ ዘፈን ባይሰማ ማንም አይወድቅም፤ ላምም አይሸጥም። የሌላዋ ተራ ይመጣል። ሀብታም አባት ለልጁ የሚሰጠውን ያን የመሳሳቻ ጊዜ ስምንት ደሃ ልጆች ለራሳቸው ሰጡ ማለት ነው።

ሰርግም አለላችሁ። ወላይታ ውስጥ ሰርግ ያለ ሙዚቃ አይደምቅም፤ በሰርግ ወቅት ደህና የሚጫወት ቡድን ቅዳሜና እሑድ አያርፍም። ብዙ ወጣቶች ግን ከሰርግ ላይ ላብ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። ምክንያቱ ክፍያውን የሚነጋገሩት ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ አጎትየው ደክሟቸዋል፣ የተረፈ ብር የለም። እናንተ ሲጠሯችሁ በትሕትና፣ ግን በግልጽ፣ «ጋሼ፣ ግማሹን ቀብድ አሁን፣ ቀሪውን ድምፅ ማጉያው ከመተከሉ በፊት» በሉ። ትራንስፖርቱ የማን ነው? ጄኔሬተር አለ ወይ? እስከ ስንት ሰዓት ነው የምንጫወተው? ከተባለው ሰዓት ካለፈ ጭማሪው ስንት ነው? ይህን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። ጠይቆ በሰዓቱ የሚደርስ ቡድን ይከበራል፤ የተከበረ ቡድን ደግሞ ለሚቀጥለው ሰርግ ይጠራል። ከእያንዳንዱ ሰርግ ከሚገኘው ላይ ከአሥር አንዱ ወደ ዘፈኑ ቁጠባ ይግባ።

ስለ መብታችሁም እወቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ግጥም የጻፈው፣ ዜማ የደረሰው፣ የዘፈነው፣ ያሳተመው እያንዳንዱ መብት አለው። ከአቀናባሪ ጋርም ሆነ ከዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ጋር ስትስማሙ በወረቀት ተስማሙ፤ ገቢው ለማን እንደሚገባ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ዛሬ ዋጋ የለውም ብላችሁ በእጅ መጨባበጥ የሰጣችሁት ዘፈን ከአሥር ዓመት በኋላ የቤት ኪራያችሁን የሚከፍል ሊሆን ይችላል። ኤልያስ መልካ በዘመናችን ብዙ አልበሞችን ያቀናበረ ትልቅ ባለሙያ ነበር። ስሙ እንዲህ ከገነነ በኋላም ሙዚቀኛው ከሥራው ተገቢውን አላገኘም የሚለው ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶት፣ ከዘፋኞቹ ከጆኒ ራጋና ከኃይለ ሩትስ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። እንዲህ ያለ ሰው በመጨረሻ ጊዜው የደከመው ሙዚቀኞች በሥራቸው እንዲበሉ ከነበረ፣ እኛ ውል ለመጻፍ ማፈር የለብንም።

አሁን ወላጆችን ላናግር። እማማ፣ አባባ፣ ፍርሃታችሁ መሠረት አለው። በዚህች አገር ለረጅም ዘመን አዝማሪ መባል ስድብ ነበር፤ ዘፋኝ ልጅ መውለድ ውርደት ይመስል ነበር። ልጃችሁ ተምሮ ደሞዝ እንዲያገኝ መፈለጋችሁ ፍቅር ነው። ልጆቹም ይህን ፍቅር በቁጣ አይመልሱት። «ትምህርቴን አላቋርጥም፤ ሥራዬን አልተውም፤ ቅዳሜና እሑድን ግን ለሙዚቃዬ ስጡኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጭ ብለን እንየው» ብለው ይጠይቁ። ላም የማይሸጥበት፣ ትምህርት የማይቋረጥበት ሙዚቃ አብዛኛውን ወላጅ ያሳምናል። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ብር ሲልክም «ክሊፕ ልሥራበት» ከማለት በፊት የቁጠባ ደብተራችሁን አሳዩት። ስድስት ወር በተከታታይ የቆጠበ ታናሽ ወንድም ሲያይ እጁ ይፈታል።

ቀሪው ቃሌ ለሶዶ ነጋዴዎች ነው። ከተማችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ሆናለች፤ ሆቴሉ እየበዛ ነው፣ እንግዳው እየበዛ ነው። እናንተ ለመዝፈን ድምፅ ባይኖራችሁም ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላችሁ። አምኃ እሸቴ ዘፋኝ አልነበረም፤ ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት ነጋዴ ነበር። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ገንዘቡንም ራሱንም አደጋ ላይ ጥሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ትልቅ ክፍል የተረፈው አንድ ነጋዴ ስለደፈረ ነው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ያን ያህል አደጋ አይደለም። ሆቴል ያላችሁ፣ ዓርብ ማታ አንድ ጥግ ለወጣት ባንድ ስጡ፤ እራትና የታወቀ ክፍያ ይኑረው፤ ለሦስት ወር ሳይቋረጥ ይቀጥል። ባዶ መጋዘን ያላችሁ፣ ቀን ቀን ልምምድ ያድርጉበት። ስፖንሰር የምታደርጉ፣ ለአንድ ኮንሰርት የምታወጡትን ብር ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን እንደነዚያ ስምንት ልጆች ላለ የቁጠባ ቡድን ስጡ፤ እነርሱ በዓመቱ የቆጠቡትን ያህል እናንተም ጨምሩላቸው። ልጆቹ 41,600 ብር ይዘው ሲመጡ እናንተም 41,600 ብር አስቀምጡ። ውሉ በጊፋታ ማግሥት ይፈረም፤ በሚቀጥለው ጊፋታ ደግሞ ዘፈኖቹ በዎጌታ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይሰሙ፣ በሆቴላችሁ ድምፅ ማጉያ ይውጡ፣ የአቀናባሪውና የገጣሚዋ ስም ከዘፋኙ ስም እኩል ይጠራ።